ጽዋ ይዤ በጀግኖቹ መካከል

ቅዳሜ ጠዋት በኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሣሁ። የምሄደው ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድርያ ነው። መኪና ላለው ሰው ቅርብ ነው። እኔ ግን በባቡርና በአውቶቡስ ስለሄድኩ፣ መሃል ላይም ስለቆየሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ለዚህ ነው ደፍሬ ጉዞ የምለው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያየሁትን እንዳየሁት ነው የምጽፈው። የተሳሳትኩት ካለ አንባቢ ያርመኝ።

የሄድኩበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልናገር። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር አለን። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች፣ ሴቱም ወንዱም፣ አሥራ ሁለት ሆነን የጀመርነው ነው። በየወሩ ተረኛው ቤት ተሰብስበን ጸሎት ይደረጋል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ከጽዋው ይቀመሳል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን በነጠላ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋ የምለው ክዳን ያለው ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነው። ጓደኛዬ ደምሴ አገር ቤት ሄዶ ሲመለስ አውሮፕላን ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያመጣው ነው። እንዳይሰበር ብሎ ምግብ እንኳ አልበላም ነበር።

አሁን አምስት ቀርተናል። ከፊሉ አረፈ፤ ከፊሉ ልጆቹን ተከትሎ ቴክሳስና ላስ ቬጋስ ገባ። ባለፈው ወር ተረኛ እኔ ነበርኩ። ተረካቢው ደምሴ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ስለነበር መምጣት አልቻለም። ጽዋው ሁለት ሳምንት እኔ መኝታ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ባየሁት ቁጥር ያላደረስኩት አደራ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ደምሴ በስልክ ኮል አደረገኝ።

«ጽዋውን አምጣልኝ፤ የኔን ተራ ልወጣ» አለኝ። «ከዚያ በኋላ ግን ለቤተ ክርስቲያን እንስጠውና ይብቃ። የሚረከበን ሰው የለም። አንዳችን ቤት አቧራ ለብሶ ከሚቀር በክብር እንጨርሰው።»

ደምሴ የማኅበራችን ሙሴ ነው፤ ሙሴ የምንለው አለቃችንን ነው። ሙሴ ይብቃ ካለ ያበቃል። ለሌሎቹ ለሦስቱ ደወልኩና ጠየቅኋቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ፤ «እንግዲህ ምን ይደረጋል?» አሉ። እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። በእቅፌ ጽዋውን፣ በአፌ ይህን መልስ ይዤ ወጣሁ። ጽዋው ቀላል ነው። የከበደኝ መልሱ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ መሃል ከተማ

ብቻዬን እንድሄድ አልተፈቀደልኝም። የምኖረው ከልጄ ከሶስና ጋር ነው። ነርስ ናት፤ ቅዳሜ ሥራ ስለነበራት መኪናውን ይዛ በሌሊት ወጥታለች። ትታልኝ የሄደችው ልጇን ማህሌትን ነው። ማህሌት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሃይ ስኩል ልትጨርስ ነው። ትምህርት ቤት ላቲን የሚባል ቋንቋ ትማራለች። አሁን የሚናገረው ሕዝብ የለም፤ እንደ ግዕዝ ማለት ነው ብላ አስረድታኛለች። የላቲን አስተማሪዋ አሳይመንት ሰጥታታለች፤ ሙዚየም ሄዳ ከግሪክና ከሮማ ጀግኖች አንዱን መርጣ እንድትጽፍ። ስለዚህ ተስማማን። እኔ ሙዚየም አብሬያት እገባለሁ፤ እሷ አሌክሳንድርያ አብራኝ ትሄዳለች።

ባቡር ላይ የሽማግሌ ካርድ ስላለኝ ግማሽ ዋጋ ነው የምከፍለው። የሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ነፋሱ ይመታል። ጽዋውን ከነነጠላው ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

«አባባ፣ ይስጡኝ ልያዝልዎ» አለች ማህሌት።

«አይሆንም። ማኅበርተኛ ያልሆነ አይዘውም።»

«ለምን?»

«ደንብ ነው።»

«ማነው ደንቡን ያወጣው?»

«ደምሴ።»

ሳቀች። ሬድ ላይን መጣና ገባን፤ ቦታም አገኘን። ታኮማን ካለፍን በኋላ ነጠላውን በአገጯ እያመለከተች፦

«ውስጡ ምን አለ?»

«አሁን ባዶ ነው።»

«እኔ እኮ አይቼው አላውቅም» አለች። «ማኅበር እኛ ቤት ሲሆን ልጆች ወደ ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት ውረዱ ትሉናላችሁ። ፒዛ ታዛላችሁ፣ ቲቪ ትከፍታላችሁ። ከላይ ስትዘምሩ ይሰማናል። ከዚያ ወንበር ሲጎተት ይሰማናል። ኦኬ፣ አልቋል እንላለን።»

«እንዳትረብሹ ነዋ። ደግሞም እንዳይሰለቻችሁ።»

«እኔ አሁን አልረብሽም» አለችና ስልኳን አወጣች። ክፉ አልተናገረችም፤ የሆነውን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ፎርት ቶተን፣ ከዚያም ብሩክላንድ አልፈን ባቡሩ መሬት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሣሁም።

የሙዚየሙ በር

ከባቡር ወርደን ትንሽ በእግር ሄድን። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት የመኪና ማቆሚያ ከዚያ ሁለት ብሎክ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከምድር በታች መኪና ሳቆም ከራሴ በላይ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን አላውቅም ነበር። ማለቴ አውቃለሁ፤ ሰዎች መኪናቸውን ሰጥተውኝ የሚሄዱበት ነው። እኔ ግን ገብቼ አላውቅም። መግቢያው ነጻ ነው።

በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ፈታሹ ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ ገና ሳየው የኛ ሰው መሆኑን አወቅሁ፤ እሱም አወቀኝ።

«እንደምን አደሩ አባቴ። እዚያ ነጠላ ውስጥ ምንድን ነው? ምግብ ከሆነ አይገባም።»

«ምግብ አይደለም። ጽዋ ነው።»

«የማኅበር?»

«የሚካኤል።»

ዘርግቶት የነበረውን እጁን ሰበሰበ። «እኔ አልነካውም» አለ። «እርስዎ ራስዎ ይግለጡልኝ። ካላየሁ ደግሞ አለቃዬ ይቆጣኛል።»

ገለጥኩለት። ጎንበስ ብሎ አየና ቀና ሲል አማተበ። ከኋላችን የተሰለፈች አንዲት ፈረንጅ ሲያማትብ አይታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ማህሌት አንገቷን አስግጋ አየች። «ትንሽ ነው እኮ!» አለች። «እኔ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።»

ፈታሹ ዕቃ ማስቀመጫው ጋ ልተወው እንደምችል ነገረኝ። ለማላውቀው ሰው ትቼ አልሄድም አልኩ። አሰበና፦ «ጀርባ ላይ ማዘል ነው የተከለከለው፤ እንደ ሕፃን በፊት ለፊት አቅፈው ይያዙት» አለኝ። እንዲሁ አቅፌው ገባሁ።

ጀግኖቹ

የመጀመሪያው አዳራሽ ውስጥ የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል። አብዛኞቹ ራቁታቸውን ናቸው። ዓይኔን ሰበር አድርጌ፣ ጽዋውን በነጠላው ደህና አድርጌ ሸፈንኩት።

«ልብስ አልነበራቸውም እንዴ?» አልኩ።

«ነበራቸው። ጀግና ሲሆኑ ያወልቁታል» አለች።

አንዱ ግን የአንበሳ ቆዳ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ሄርኩለስ ይባላል። አንበሳውን በእጁ አንቆ ገድሎ ቆዳውን ለበሰው አለችኝ። ይሄ ገባኝ። በኛም አገር አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ራሱ ላይ አድርጎ ይፎክር ነበር። ይህ ሰው አሥራ ሁለት ከባድ ሥራ ታዞ ሁሉንም ጨርሷል። ከነዚያ ውስጥ አንዱ በረት መጥረግ ነው።

«ጀግና በረት ጠረገ?»

«ለብዙ ዓመት ያልተጠረገ በረት። በአንድ ቀን።»

«በአንድ ቀን እንዴት ይሆናል?»

«ወንዙን ጠልፎ በውስጡ ለቀቀው።»

እኔ መኪና ማቆሚያውን ስጠርግ ነው የኖርኩት። ወንዝ መልቀቅ መጥረግ አይባልም፤ ውኃው ያወጣውን ቆሻሻ ከደጅ የሚያነሳ ሌላ ሰው አለ። ይህን ስነግራት ማህሌት ስልኳ ላይ ጻፈችው። «አባባ፣ ይሄ ጥሩ ነው፤ አስተማሪዬ ትወደዋለች» አለችኝ። ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ሥዕል ነው። እዚያ ነው የተሳሳትኩት። ገና ከበሩ አንድ ትልቅ ሥዕል ታየኝ። ጎበዙ ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ጦሩን ወደ ታች ሰብቋል። ከፈረሱ እግር በታች ደራጎን አፉን ከፍቷል። ዳር ላይ አንዲት ልጅ ታስራ ቆማለች። ምን ይጠየቃል? ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ አማተብኩ፣ ከነጽዋዬ ጎንበስ ብዬ ሰገድኩ። ቀና ሳልል ግድግዳው ጮኸ። በጣም ተጠግቼ ኖሯል፤ የጥበቃው ደወል ነው።

ማህሌት ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። «አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ጊዮርጊስ ነዋ!»

«አይደለም! ፐርሲየስ ነው። ፈረሱን ይዩት፤ ክንፍ አለው።»

እውነትም ክንፍ አለው። እኔ ደራጎኑን ሳይ ፈረሱን ልብ አላልኩም። የቆምንበት ክፍል ጠባቂ መጥታ በእጇ ወደ ኋላ በሉ አለችን፤ ማህሌት በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀችልኝ። እኔ ደግሞ በልቤ ጊዮርጊስን ይቅርታ ጠየቅሁ። ቢሆንም እሱ እንደሚስቅ እንጂ እንደማይቆጣ አውቃለሁ።

«ልጅቷስ ማናት?» አልኩ፤ አንዴ ከሰገድኩ አይቀር ብዬ።

«አንድሮሜዳ። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይላሉ። እናቷ ልጄ ከባሕር ቆነጃጅት ሁሉ ትበልጣለች ብላ ጉራ ነዛች፤ ባሕሩ ተቆጥቶ ያን አውሬ ላከባቸው።»

«በልጇ ጉራ ከነዛች የኛ ሰው መሆኗ እውነት ነው። ታዲያ ልጅቷን እንደ ወተት ያነጧት ለምንድን ነው?»

«እሱን ለሠዓሊው ኮል ያድርጉለት» አለችኝ። አሁን ሁለታችንም ሳቅን፤ ጠባቂዋም ሳቃችንን አይታ ፈገግ አለች።

የነሐሱ ሽማግሌ

ደክሞኝ ነበር። አንዱ ጥግ አግዳሚ ወንበር አገኘሁና ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ በመስታወት ውስጥ አንድ ክንድ የማይሞላ የነሐስ ምስል አለ። ጎልማሳ ሰው ሽማግሌ አዝሏል። ትንሽ ልጅ ከጎኑ እየሮጠ የሰውየውን እጅ ይዟል። እኔን የያዘኝ ሽማግሌው ነው። የታዘለ ሰው አንገት ይይዛል እንጂ ሌላ ምን ይይዛል? ይሄ ግን በሁለት እጁ ትንሽ ሣጥን ደረቱ ላይ አቅፏል። እጄን አየሁ። እኔም እንደሱ ነው ያቀፍኩት።

ማህሌት ጎኔ ተቀምጣ ታሪኩን ነገረችኝ። እንደነገረችኝ ልንገራችሁ።

ትሮይ የምትባል ከተማ ነበረች። ጠላት ለብዙ ዓመት ከብቧት አልሆን ሲለው፣ ከእንጨት በሠራው ፈረስ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ገባና አቃጠላት። ኤንያስ የሚባለው ይህ ጎልማሳ ሲዋጋ ቆየ። እንደማይሆን ሲያውቅ ወደ ቤቱ ሮጦ አባቱን «ተነሥ እንሂድ» አለው። አባቱ «እኔ ኖሬ ጨርሻለሁ፤ እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ ይብቃኝ» አለ። ቢለምኑት ቢያለቅሱበት እምቢ አለ። በዚህ መሃል የልጅ ልጁ ራስ ላይ እሳት ታየ፤ ፀጉሩ ላይ ይነድዳል፣ አያቃጥለውም። ሽማግሌው ያን ምልክት ሲያይ «እሺ» አለ። ኤንያስም አዘለው። የቤታቸውን የተከበረ ዕቃ ግን ኤንያስ ራሱ አልነካም፤ ከጦርነት ስለመጣ እጁ ደም ነበረበት። «አንተ ያዝልኝ» አለው አባቱን።

የያዘው ጣዖት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከጽዋችን ጋር አላወዳድረውም። አባት መታዘሉ ብቻ ግን አይደለም የገረመኝ። ታዝሎም ሥራ አለው።

«ሚስት የለውም እንዴ ይሄ ሰው?» አልኳት።

ፊቷን ቅጭም አደረገች። «አላት። ከኋላ ራቅ ብለሽ ተከተይን አላት። ደህና ቦታ ደርሶ ዞር ሲል የለችም። ጠፍታለች። መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየም። ለዚህ ነው እሱን የማልጽፈው።»

«ሰው አዝሎ እንዴት ይዞራል ልጄ?»

«መዞር ይቻላል አባባ» አለች። «አንገት ብቻ ነው።»

ወንዙን ተሻግረን

ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሶስና የቋጠረችልንን ዳቦ በእንቁላል በላን። ከመንገድ ዳር ሻጭ አንድ ውኃ በሦስት ዶላር ገዛን፤ ቤት ቧንቧ ከፍተን የምንጠጣውን። ከዚያ የሎ ላይን የሚባለውን ባቡር ይዘን ወደ ቨርጂኒያ ተሻገርን። ይሄን ድልድይ እወደዋለሁ። ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ብቅ ይልና ድንገት ሰፊ ወንዝ ላይ ትሆናለህ። ፖቶማክ ጸጥ ብሎ ነበር። አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ያርፋሉ። ለደምሴ የምነግረውን እንደገና በልቤ አዘጋጀሁ፤ አልሰምር አለኝ።

ኪንግ ስትሪት ወርደን ወደ ዱክ ስትሪት የሚወስደውን አውቶቡስ ያዝን። አሌክሳንድርያ አውቶቡስ ነጻ ነው፤ ሹፌሩን አመስግኖ መግባት ነው። ደምሴ የሚኖረው አንድ አሮጌ የአፓርትመንት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስንደርስ ኤለቬተሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ማህሌት አነበበችልኝ፤ ተበላሽቷል። ደወልኩለት።

«ደምሴ፣ ኤለቬተርህ ሞቷል።»

«ከትናንት ጀምሮ። ቆየኝ፣ መጣሁ።»

«የት ትመጣለህ በዚህ ጉልበት? እኔ እወጣለሁ!»

ዘግቶታል። እኔም ደረጃውን ጀመርኩ። አንድ እጄ የደረጃውን መደገፊያ ይዟል፤ በአንዱ ጽዋውን አቅፌያለሁ። ማህሌት ከኋላዬ ናት። በየአምስት ደረጃው አርፋለሁ። ባረፍኩ ቁጥር ዞር ብዬ አያታለሁ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። «አለሁ አባባ» ትላለች። ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ከላይ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያም ረጅም ዝምታ።

ከሁለተኛው ፎቅ አለፍ ብሎ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አገኘሁት። ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ነጠላ ደርቦ፣ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሏል። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ቁጭ ብሎ አንድ አንድ ደረጃ እየተንሸራተተ ነው የወረደው፤ የሱሪው መቀመጫ አቧራ ብቻ ሆኗል።

«አብደሃል?» አልኩት።

«ጽዋ ደጄ ድረስ መጥቶ አልጋ ላይ ሆኜ አልቀበልም» አለ። ከዘራውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ መደገፊያውን ይዞ ተነሣ። ሦስት ጊዜ ጎንበስ አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። ነጠላውን ሳመና አቀፈው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እኔም ሌላ ሌላውን አየሁ።

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቆመን ቀረን። ደምሴ በአንድ እጁ ከዘራ፣ በአንድ እጁ መደገፊያውን ካልያዘ አይወጣም። እኔ ደግሞ ትንፋሼ አልቋል፤ በሁለት እጄ ካልተደገፍኩ አልራመድም። ጽዋው አለ፤ የሚይዘው እጅ የለም።

«ልያዘው?» አለች ማህሌት።

«አይሆንም!» አልን ሁለታችንም አንድ ላይ።

ማህሌት ግድግዳው ላይ ተደገፈችና ክንዷን አጣመረች። «እሺ። እጠብቃለሁ» አለች።

ትንፋሼ እስኪመለስ ሙዚየም ያየሁትን ለደምሴ ነገርኩት፤ ጎልማሳው አባቱን ማዘሉን፣ አባትየው ሣጥኑን መያዙን።

«ታዲያ እዘለኛ!» አለኝ ደምሴ።

«አንተን? ሠላሳ ዓመት ታክሲ ላይ ተቀምጠህ የደለብከውን? ኤንያስ ራሱ ቢመጣ ኦፕራሲዮን ይሆናል።»

«ሽማግሌው ሲታዘል ዝም አለ?»

«መጀመሪያ አልሄድም፣ ይብቃኝ ብሎ ነበር።»

ደምሴ ቀና ብሎ አየኝ። ቃሉ የሱ ነው። ሆን ብዬ አልነበረም፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ።

«ሌላስ ማን ነበረ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ልጅ ነበረ። ትንሽ። እጁን ይዞ አብሮ ይሄዳል።»

ደምሴ ወደ ማህሌት ዞረ። «ማሂዬ፣ ለመሆኑ ይሄን ጽዋ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ አየሁት» አለች። «ሙዚየሙ በር ላይ። ጋርዱ ሲፈትሽ።»

ደምሴ ጽዋውን አየ፣ እኔን አየ። «ፈታሽ ከኛ ቀደመ?» አለኝ። «ሃያ ስምንት ዓመት!»

«እኛ እኮ ልጆቹ አይፈልጉትም ብለን ነው» አልኩ።

«ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለች ማህሌት። አልተቆጣችም። ያው ጠዋት ባቡር ላይ በተናገረችበት ድምፅ ነው።

ደምሴ ተመልሶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጽዋውን ጭኑ ላይ አደረገ፤ መቼም ከአገር ቤት ሲያመጣውም እንዲህ ነበር የያዘው። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሙሴ ሆኖ ሊናገር ነው።

«የክርስትና ስምሽ ማነው?»

«ወለተ ሥላሴ።»

«የኛ ደንብ እንዲህ ነው። ወላጅ ሲያርፍ ልጁ ጽዋውን ይወርሳል። አያትሽ ግን ገና አላረፈም…»

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

«ዝም በል። አላረፈም፤ ስለዚህ በሱ ቦታ ሳይሆን በራስሽ ስም ነው የምትገቢው። ጥያቄው ይሄ ነው፤ ማኅበርተኛ ትሆኛለሽ?»

እሺ ትላለች ብዬ ልቤ ዘለለ። እሷ ግን «ምን ምን ነው የማደርገው?» አለች።

«በዓመት አንድ ጊዜ መደገስ። በወር በወሩ መምጣት። የታመመ መጠየቅ። የሞተ መቅበር።»

«በወር በወሩ አልችልም። ኦገስት ላይ ኮሌጅ እገባለሁ፤ ዶርም ነው የምኖረው። እችላለሁ ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም።» በጣቷ ቆጠረች። «ሰመር ላይ ግን እዚህ ነኝ። ሐምሌ የኔ ይሁን። ግን አንድ ነገር አለኝ።»

«በይ።»

«ልጆች ቤዝመንት አይወርዱም።»

ደምሴ እኔን አየኝ። እኔ ምን እላለሁ? ቤዝመንቱ ያለው የኔ ልጅ ቤት ነው። ራሴን ነቀነቅሁ።

«ይሁን» አለ ሙሴ። ጽዋውን አነሣና በሁለት እጁ ዘረጋላት። ማህሌት ጀርባዋ ላይ ያለውን ባክፓክ አስተካከለች፤ እጇን በሱሪዋ ሁለቴ ጠረገች፣ ተቀበለችው። እሱ እንዳደረገው ነጠላውን ሳመች። ከየት ተማረችው? አሁን፣ እዚያው ደረጃ ላይ።

«ከኋላችን ነይ» አላት ደምሴ።

«ከኋላ አልሄድም» አለች፤ እኔን በጎን እያየች። «መሃል ነው የምሆነው።»

እንዲህ ወጣን። ደምሴ በከዘራው ፊት ፊት፣ ማህሌት መሃል፣ እኔ መጨረሻ። አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ስንት እንደፈጀ አላየሁም። ደምሴ በየመታጠፊያው ዞር እያለ ጽዋውን ያያል፤ ከዚያ እሷን ያያል።

ቤት ከገባን በኋላ ደምሴ ስልኩን አንሥቶ፦ «ለልጅቷ ፒዛ ልዘዝ» አለ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እባክዎ» አለች ማህሌት። «ፒዛ በልቻለሁ፤ አሥር ዓመት ሙሉ። ዳቦው ካለ እሱን ነው የምፈልገው።»

የደምሴ ልጅ ጠዋት ጋግራ ያመጣችው ድፎ ዳቦ ነበር። ደምሴ ባረከና ቆረሰ፤ መጀመሪያ የሰጠው ለእሷ ነው። ይዤው የመጣሁትን «እንግዲህ ምን ይደረጋል» የሚል መልስ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም።

መመለሻ

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። በመመለሻ ድልድዩ ላይ ፀሐይ ወንዙ ላይ ተኝታ ነበር። እጄ ባዶ ስለሆነ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ፤ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። ማህሌት አሳይመንቷን ስልኳ ላይ ትጽፋለች።

«ማንን መረጥሽ? ሄርኩለስን?»

«ሚስትየዋን» አለች። «ከኋላ የቀረችውን። ስለ እሷ ማንም ብዙ አልጻፈም።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። አንዱ፣ ሥዕል ስታይ ፈረሱንም ማየት ነው። ሌላው፣ አንድን ነገር የሚረከብ የለም ብሎ ከመዝጋት በፊት ማን እንደተጠየቀ ማሰብ ነው። እኛ ጽዋውን ከመሰበር ስንጠብቅ፣ ከአቧራ ስንጠብቅ፣ ከገዛ ልጆቻችንም ጠብቀነው ኖሯል። ማህሌት ኮሌጅ ስትገባ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሐምሌ ግን አለ፤ ሐምሌ ካለ ለጊዜው ይበቃኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንወርድ እንደ ልማዴ ቀድሜ መሄድ ጀመርኩ። በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩና ዞር አልኩ። ስልኳን እያየች ቀስ ብላ ትመጣለች። እስክትደርስ ጠበቅኋት።

ሶስና ከሥራ ገብታ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ አገኘናት።

«እህ አባዬ፣ ጽዋው ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«ጋሽ ደምሴስ ምን አሉ? በቃ፣ አለቀ?»

«ቀጣዩ ተራ የደምሴ ነው። ሐምሌን ልጅሽ ወስዳዋለች።»

እግሯን አወረደች። «ማህሌት? ማህሌት ቤት የላት! የት ልትደግስ ነው?»

«እዚህ ነዋ» አልኳት፤ ጫማዬን እያወለቅሁ። «አንቺ ቤዝመንቱን ቆልፊው።»